መጠየቅ ነውር ነውን?

በአገራችን ሁለት ተረቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ሁለተኛው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱም የአባቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱም እንደየቦታቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው የመጀመሪያው ለሴት ልጅ፣ ሁለተኛው ለወንድ ልጅ ሲመከር ነው የሰማነው። ለሴት ደጃዝማችነት የላትምና ተናግራ ምን ታተርፋለች? ዝም ብትል ግን አትነቅዝም! ምክሩ ለብዙ ነገር ይበጅ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ግን ጉዳት ያመጣል እንላለን፤ ይኸውም ሴቲቱ የምታምንበትን ሕግ ለማወቅ መጠየቅ ሲኖርባት ነው።

እዚህ ላይ «እኛ» ስንል ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ማለታችን ነው። ጽሑፉ ግን ለእኛ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን እኅቶቻችን በወር አበባ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ መግባትና ስለ አለመግባት ቄሱን ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ያህል እኛም ሸይኹን ለመጠየቅ እናፍራለን። ወንድሞቻችንም ቢሆኑ ነገ ባል፣ አባት፣ ሐኪም፣ ዳኛ መሆናቸው ስለማይቀር ነገሩ አይመለከታቸውም ማለት አይቻልም።

ጥያቄያችንን በሦስት እንክፈለው። አንደኛ፣ ሴት ስለ ገላዋና ስለ አምልኮቷ ሕግ መጠየቋ ከሃፍረት ወሰን መውጣት ነውን? ሁለተኛ፣ የሚመልስላት ሰው ምን ዕዳ አለበት? ሦስተኛ፣ መልሱን ከተቀበለች በኋላ ኃላፊነቱ ከሷ ላይ ይወርዳልን?

ሙስሊም ላልሆኑት አንባቢዎቻችን ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። የእስልምና ሕግ የሰውን ሥራ በአምስት ከፍሎ ያየዋል፤ ግዴታ የሆነ፣ ቢሠሩት የሚወደድ፣ ቢሠሩትም ቢተዉትም ምንም የሌለው፣ ቢተዉት የሚሻል፣ ክልክል የሆነ። መብላትም፣ መጓዝም፣ ፀጉር መሠራትም ከነዚህ ከአንዱ አይወጣም። ሶላት በቀን 5 ጊዜ ይሰገዳል፤ ለመስገድ ንጽሕና ያስፈልጋል። ለወትሮው ዉዱእ ይበቃል፤ ከባልና ሚስት ግንኙነት፣ ከወር አበባና ከወሊድ ደም በኋላ ግን መላ ሰውነትን መታጠብ ግድ ነው። ሴት በወር አበባዋ ቀን አትሰግድም፣ አትጾምም። ስትጠራ ያለፋትን ጾም ቀን ቆጥራ ትከፍላለች፤ በእኛ አነጋገር ቀዷ ታወጣለች። ያለፋትን ሶላት ግን አትከፍልም።

ይህ ሁሉ በኪታብ ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ወደ ኑሮ ሲወርድ ግን እንዴት ነው? ደሙ በ7ኛው ቀን ቆሞ በ9ኛው ቢመለስስ? ከጎህ በፊት ብትጠራና የዶርሙ ውሃ ተቋርጦ ቢያድርስ፣ የዚያን ቀን ትጾማለች? ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብላ የተሠራችው ሹሩባ ለትጥበት ይፈታ? ሂና የተቀባ ጥፍርና የጥፍር ቀለም የተቀባ ጥፍር አንድ ናቸው? ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲሰጣት እጁ እጇን ቢነካ ዉዱኧ ፈረሰ ትበል?

ታዲያ ማንን ትጠይቅ? እናቷን? እናቷ ራሷ ከእናቷ በጥቅሻ ነው የተማረችው። አባቷን? ኧረ አይሞከርም! የመስጊዱን ኢማም? እሳቸው ዘንድ ለመድረስ በመጀመሪያ መስጊዱ ለሴት የተለየ በርና ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ደግሞ በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ ጓደኛ ጓደኛዋን ትጠይቃለች፤ የማታውቅ የማታውቅን። የሚገርመው ግን መልስ ጠፍቶ አለማወቁ ነው። «ሐራም ነው» የሚለው መልስ ምን ጊዜም ርካሽ ነው፤ ተናጋሪውን አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ የሚያስከፍለው ሰሚዋን ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ጥያቄ እንምጣ። ሃፍረት በእስልምና ትልቅ ቦታ አለው፤ ከእምነት ክፍሎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህ ሃይማኖት በመጀመሪያ የወረደላቸው ሴቶች ሃፍረትን እንዴት እንደ ተረጎሙት ማየት ያስፈልጋል። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ሴት በእንቅልፏ እንደ ወንድ ሕልመ ሌሊት ብታይ መታጠብ አለባት ወይ ብለው በሰው ፊት ጠይቀዋል። ከጥያቄው በፊት ያስቀደሙት መግቢያ አላህ ከእውነት እንደማያፍር የሚያስታውስ ነበር። መልሱም ግልጽ ሆኖ ተሰጣቸው። እናታችን ዓኢሻም የመዲናን ሴቶች ሲያመሰግኑ ሃፍረታቸው ሃይማኖታቸውን ከማወቅ እንዳልከለከላቸው ተናግረዋል። ልብ እንበል፤ ሃፍረት የላቸውም አላሉም፤ ሃፍረታቸው አልከለከላቸውም አሉ እንጂ።

የኸውላ ቢንት ሠዕለባን ነገርማ ማን ይረሳል! ባላቸው «አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ብሎ ተናገራቸው። በጥንቱ የዐረቦች ልማድ ይህ ቃል ሴቲቱን ሚስትም ፈትም ሳትሆን ያስቀር ነበር። ኸውላ ዝም አላሉም። ነቢዩ ዘንድ ሄደው ደጋግመው ተከራከሩ፤ ለአላህም ስሞታቸውን አሰሙ። የቁርኣን 58ኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በዚህች ሴት ክርክር ነው፤ ስሙም ከዚሁ የተወሰደ ነው። ልማዱ ተነቀፈ፤ ባልየውም ማካካሻ ተጣለበት። እንግዲያውስ አንዲት ሴት ስለ ኑሮዋ ያቀረበችው ስሞታ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ የምዕራፍ ስም ከሆነ፣ መጠየቅን ነውር ያደረገው ሃይማኖቱ ነው ልንል እንችላለን? ነውሩ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ በኋላ የሃይማኖት ልብስ የለበሰ ነው።

ዝምታው ምን ያህል እንደሚጎዳ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደም አለ። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ይህ ደርሶባቸው፣ ደሙ አልቆም ብሎአቸው፣ ሶላት ልተው ወይ ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ይህ የደም ሥር ደም እንጂ የወር አበባ አለመሆኑን፣ የወትሮው ቀናቸው ሲያልፍ ታጥበው መስገድ እንዳለባቸው የሚያስረዳ ነበር። ሊቃውንቱም በዚህ ላይ ተነሥተው ወሰን አበጁለት፤ በሐነፊ መዝሀብ የወር አበባ ትንሹ 3 ቀን፣ ትልቁ 10 ቀን ነው፤ በሻፊዒ ትንሹ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ትልቁ 15 ቀን ነው። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች የታወቁ ናቸው።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በአገራችን የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ፣ በክንዳቸው የወሊድ መከላከያ ያስቀበሩ ሴቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ይህ መድኃኒት በብዙዎቹ ላይ የደሙን ሥርዓት ያዛባል፤ ጠብ ጠብ እያለ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሕጉን ያልጠየቀች ሴት ምን ታደርጋለች? ርኩስ ነኝ ብላ ለወር ያህል ከመስገጃዋ ትርቃለች፤ ረመዷንም በመካከል ያልፋታል። ሕጉ «ስገጂ፣ ጹሚ» የሚላት ሴት፣ ሕግ ያከበረች መስሏት ከጌታዋ ተለይታ ትከርማለች። ይህ የነፍስ ጉዳት ነው። የገላም ጉዳት አለበት፤ አንዳንዱ ደም የሕመም ምልክት ነውና ለሐኪምም መነገር ነበረበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ አይደለምን?

ሁለተኛው ጥያቄ የመላሹ ዕዳ ነው። በሐዲስ መጻሕፍት አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ የነበረ ሰው ድንጋይ መትቶት ራሱ ቆሰለ፤ ሌሊት ትጥበት ግድ የሚያደርግ ነገር አገኘው። ባልንጀሮቹን፣ ውሃውን ትቼ በአፈር ተየሙም ባደርግ ይበቃኛል ወይ አላቸው። ውሃ እያለ ፈቃድ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ወሬው ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ ፍርዱ ከባድ ነበር፤ እንደ ገደሉት ቆጠሩአቸው፤ የማያውቁ ከሆነ ለምን አልጠየቁም፣ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ አይደለም ወይ ብለው ወቀሱ። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለሕጉ የቀኑ መስሎአቸው ነው። ሆኖም ባላወቁት ነገር ማክረራቸው ሰው ገደለ። እኛ «ማጥበቅ ምን ይጎዳል? ቢበዛ ትርፍ ነው» ስንል የምንሰማውን አነጋገር ይህ ታሪክ ከሥሩ ይነቅለዋል።

የሴቶችን ሕግ በተመለከተ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ይኸውም መላሹ ነገሩን ያልኖረበት መሆኑ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ትልቅ ሶሓባ ናቸው። ሴቶች ለትጥበት ሹሩባቸውን እንዲፈቱ ያዝዙ ነበር። ይህን የሰሙት እናታችን ዓኢሻ ተገርመው፣ ለምን ጭራሹን ራሳቸውን እንዲላጩ አያዛቸውም አሉ! ከዚያም እሳቸውና ነቢዩ ከአንድ ዕቃ ይታጠቡ እንደነበርና በራሳቸው ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ ከማፍሰስ በላይ እንዳልጨመሩ አስረዱ። ኡሙ ሰለማም ስለ ጉንጉን ፀጉራቸው ጠይቀው ከግንኙነት በኋላ ለሚሆነው ትጥበት መፍታት እንደማያስፈልጋቸው፣ ሦስት እፍኝ ውሃ እንደሚበቃ ተነግሮአቸዋል። የሐንበሊ ሊቃውንት ለወር አበባው ትጥበት ይፈታ ይላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ውሃው ከሥሩ ከደረሰ አይፈታም ይላሉ። ከነገሩ የምንማረው፣ ፀጉር ተሠርቶ የማያውቅ ሰው የሹሩባን ዋጋ ሳያውቅ ሊፈርድ እንደሚችልና የምታውቅ ሴት በመካከል ስትገባ ፍርዱ እንደሚቃና ነው። ወንድ አይመልስ ማለታችን አይደለም። ሲመልስ ግን በመጀመሪያ ይጠይቅ፤ «ስንት ቀን ነው? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ውሃ አለሽ?» ይበል።

የካይሮው የማሊኪ ሊቅ አል-ቀራፊ፣ እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት፣ ከሌላ አገር የመጣ ጠያቂ ሲመጣ ሙፍቲው የራሱን አገር ልማድ ትቶ የጠያቂውን አገር ልማድ ጠይቆ እንዲመልስ አጥብቀው አስተምረዋል። ኢማም ማሊክም ከሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ጠያቂ እንኳ «አላውቅም» ማለትን እንደማያፍሩበት የታወቀ ነው። ዛሬ መልስ ከኪስ ስልክ ይወጣል፤ መላሹ ሌላ አገር፣ ጠያቂዋ ሌላ አገር። እሷ የደሴ ወይም የጅማ ልጅ ናት፤ እሱ የማያውቃትን ሴት በማያውቀው ኑሮዋ ላይ ይፈርድባታል። «አላውቅም» የሚል ግን ብዙም አንሰማ።

መላሹ የዘመኑን ልማድ ከሕጉ ጋር ቢያደባልቅ ምን እንደሚመጣ ሳዑዲ ዐረቢያ ያሳየችው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990፣ 47 ሴቶች በሪያድ ከተማ መኪና ነዱ። ከሥራቸው ታገዱ፤ ፓስፖርታቸው ተያዘ። ሴት እንዳትነዳም በይፋ ተከለከለ፤ ታላላቅ ዑለማዎችም ክልከላውን በፈትዋ ደገፉት። በቁርኣንም በሐዲስም ስለ መሪ መያዝ የተጻፈ አልነበረም፤ ምክንያቱ ወደ ክፉ የሚያደርስን በር መዝጋት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በንጉሥ ትእዛዝ ክልከላው እንዲነሣ ተወሰነ፤ በሰኔ 2018 ሴቶች መንዳት ጀመሩ። ሃይማኖቱ በ28 ዓመት ውስጥ ተለወጠ? አልተለወጠም። የተለወጠው የሰዎች ፍርድ ነው። በር መዝጋት አንዳንዴ ተገቢ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ግምት የሆነውን «ግምታችን ነው» ብሎ መናገር የመላሹ ዕዳ ነው። በዚያ መካከል ሥራቸውን ያጡትን ሴቶች ማን ይክሳቸዋል?

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። «ጥያቄ ሲበዛ ሰው የሚስማማውን መልስ ማሳደድ ይጀምራል» ይሉናል። እውነት አላቸው። የረዳቱን እጅ እንውሰድ። በሻፊዒ መዝሀብ የባዕድ ወንድና ሴት ቆዳ ለቆዳ መነካካት ዉዱእ ያፈርሳል፤ በሐነፊ አያፈርስም፤ ማሊኪና ሐንበሊ የፍትወት ስሜት ካለበት ያፈርሳል ይላሉ። በአንድ ዶርም የሻፊዒን ኪታብ የቀራችና የሐነፊን የቀራች ሁለት ልጆች ቢኖሩ አንዷ እንደገና ወደ ቧንቧው ትወርዳለች፤ ሌላዋ ትሰግዳለች። ማናቸው ተሳሳቱ? ሁለቱም የተማሩትን በቅን ልብ ከሠሩ አንዷም አላጠፋችም። ጥፋቱ የሚመጣው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሐነፊ፣ ሲሞቅ ሻፊዒ የምትሆን ስትገኝ ነው! ይህች ጠያቂ አይደለችም፤ ነጋዴ ናት። መለያው አንድ ነው፤ «መልሱ የሚከብደኝ ቢሆንም እቀበለው ነበርን?» ብሎ ራስን መመርመር። ነገር ግን ነጋዴዎች ስላሉ ገበያው ይዘጋ ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ያላወቀች ሴት የሚስማማትን መምረጥ አትችል ይሆናል፤ የሚገባትንም መምረጥ አትችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታዘዢ፤ ምክንያት አትጠይቂ» የሚለው ነው። ሙዓዛ የተባሉ ሴት እናታችን ዓኢሻን፣ ጾሙን እየከፈልን ሶላቱን የማንከፍለው ለምንድነው አሉአቸው። የእናታችን የመጀመሪያ ቃል ሻካራ ነበር፤ ሴትዮዋ በሃይማኖት ነገር ከሚያካርሩት ወገን እንዳይሆኑ ጠረጠሩ። ሙዓዛ ግን መጠየቃቸው ብቻ መሆኑን ሲናገሩ መልሱን ሰጡአቸው፤ የታዘዝነው ይህ ነው፣ ጾሙን ክፈሉ ተባልን፣ ሶላቱን ክፈሉ አልተባልንም። ስለዚህ የመጨረሻው መሠረት ትእዛዝ ነው፤ ይህን አንሸሽም። ይሁንና በኋላ የመጡት የሕግ ሊቃውንት ምክንያቱን መፈለግን ድፍረት አላደረጉትም። ሒሳቡን እንሥራው፤ 7 ቀን የሚቆይባት ሴት በወር 35 ሶላት፣ በዓመት 420 ያህል ሶላት ልትከፍል ነበር፤ ይህም የዕለቱ ሶላት ሳይቀር ነው። ጾሙ ግን 7 ቀን ቢሆን በ11 ወር ውስጥ ተበትኖ ይከፈላል። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ሕጉ ያየው ይህን ችግር ነው። እንግዲህ ምክንያቱን ያወቀች ሴት መታዘዟ ይቀንሳልን? እንዲያውም ሕጉ እንዳሰበላት ታውቃለች፤ በፍቅር ትታዘዛለች።

ሦስተኛው ተቃውሞ በቃል አይነገርም፤ ግን በቤታችን ውስጥ በሥራ ይታያል። ይኸውም «የከበደው ይበልጣል» የሚለው ነው። እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ ሴት፣ ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ረመዷንን እንድትፈታ ሕጉ ፈቅዶላታል። ቁርኣንም በጾሙ ሕግ መካከል አላህ ገርነትን እንጂ ችግርን እንደማይሻ ያስታውቃል። ሆኖም እየተዝለፈለፈች የምትጾም እናት ጀግና ስትባል፣ የፈታችው ግን ከጓዳ ተደብቃ ስትበላ አይተናል። ስጦታ አልቀበልም ማለት ለሰጪው ክብር ነውን? ትልቅ ሰው በሠርግ ቤት ያጎረሰውን «አልፈልግም» ብሎ መመለስ በአገራችን ነውር ከሆነ፣ የጌታን ፈቃድ መመለስ ምን ሊባል ነው?

ከዚህም የባሰ አለ። የፈታችው እናት ዕዳዋን ትቆጥራለች። 6 ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ስድስት ረመዷን ሙሉ አምልጦአት ቢሆን እስከ 180 ቀን ድረስ አለባት ማለት ነው፤ በየዓመቱ የወር አበባው ቀን ደግሞ ይታከላል። ሌሊት ተነሥታ «የአላህ ዕዳ አለብኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ ለማን ትናገር? በሐነፊ መዝሀብ ቀኑን ብቻ ትከፍላለች። በሻፊዒ የፈታችው ለልጁ ብቻ ፈርታ ከሆነ ቀኑንም ትከፍላለች፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙድ እህል ለድሃ ትሰጣለች። ከሶሓባዎች እነ ኢብኑ ዐባስና ኢብኑ ዑመር ድሃ ማብላቱ ይበቃታል እንዳሉ ተላልፎአል። በደካማ ዕድሜዋ ጾም የማትችል ከሆነች ደግሞ የማብላቱ መንገድ ክፍት ነው። ይህን ሁሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ቀኑን ከሷ ጋር የሚቆጥርላት ሰው ጠፋ። እናት ከዕዳው ይልቅ ዕዳው ስንት እንደሆነ አለማወቋ ነው የገደላት። እኛ አልጄብራ ተምረን የእናታችንን ቀዷ መቁጠር ካፈርን ትምህርታችን ለማን ነው?

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ እናንሣ፤ መልስ ከተቀበልን በኋላ ኃላፊነቱ ከእኛ ይወርዳልን? ብዙዎቻችን ፈትዋ የምንጠይቀው እንደ ደረሰኝ ነው፤ ኪሳችን ከትተን ነገ በቂያማ ቀን «ይኸው፣ ሸይኹ ፈቅደውልኛል» ለማለት። ይህ አይሆንም። ኡሙ ሰለማ ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ ራሳቸው በሰሙት ነገር እንደሚፈርዱ፣ በአንደበቱ ብርታት የባልንጀራውን ሐቅ የወሰደ ግን የእሳት ቁራጭ እንደ ወሰደ አስጠንቅቀዋል። የነቢይ ፍርድ ውሸተኛን ካላዳነ የኢማም ፈትዋ እንዴት ያድናል? ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ያለ መህረም መጓዟን የምትጠይቅ ልጅ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ አብረዋት የሚሄዱት እነማን እንደሆኑ፣ የምታድርበትን ቦታ በትክክል ካልተናገረች መልሱ ለሌላ ሴት የተሰጠ መልስ ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ጉዳይ ቢለያዩም፣ ሻፊዒዎች ለግዴታው ሐጅ ከታመኑ ሴቶች ጋር መሄድን ፈቅደዋል፤ ሌሎች ከልክለዋል። የሚለያዩበት ቁም ነገር የሴቲቱ ደኅንነት ስለሆነ እውነተኛውን ሁኔታ የምታውቀው እሷው ናት።

ዋቢሳ የሚባሉ ሶሓባ ስለ በጎነትና ስለ ኃጢአት ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ነቢዩ ወደ ልባቸው መለሱአቸው፤ ሰዎች ፈትዋ ቢሰጡም እንኳ ልብን መጠየቅ እንደማይቀር አስተማሩ። ይህን ይዘው «እንግዲያው ልቤ ይበቃኛል» የሚሉ አሉ። ያልተማረ ልብ ግን ለራሱ ጠበቃ ይቆማል እንጂ አይፈርድም። የሚጠየቀው ልብ ሕጉን የሰማ፣ እውነቱን የተናገረ፣ ከዚያም በኋላ የሚቆረቁረውን የማይደብቅ ልብ ነው። ዑለማ መንገዱን ያሳያል፤ ሄጄበታለሁ ብላ የምትመልሰው ግን ራሷ ናት።

ይህ በመስገጃ ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲታዩ ፈቅዷል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ነው። «ፈቃድ» የሚለውን ቃል እንመልከተው። በፍቺ ጊዜ ምን እንደሚገባት፣ ከውርስ ምን እንደሚደርሳት ያልተነገራት ሴት «ተስማምተሻል?» ተብላ ራሷን ብትነቀንቅ ፈቀደች ይባላልን? ያላወቁትን መፍቀድ የለም። ከልጅነቷ አትጠይቂ የተባለችው ልጅ በመጨረሻ የምትቆመው እዚያ ችሎት ፊት ነው።

መፍትሔው ምንድነው? ከጥንት የነበረውን መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ11ኛው መቶ ዓመት ከሪማ አል-መርወዚያ በመካ ተቀምጠው የቡኻሪን ሐዲስ ያስተምሩ ነበር፤ ስመ ጥሩው አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ከሳቸው ቀርተዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት የሐነፊዋ ሊቅ ፋጢማ አስ-ሰመርቀንዲ ከአባታቸውና ከባላቸው ጋር በፈትዋው ላይ ይፈርሙ ነበር። በአገራችንም የአርሲዋ ሲቲ ሞሚና ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል፤ በወሎ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ለዱዓ ሲሆን የሴትን አንደበት የሚያምን ሕዝብ ለሕግ ሲሆን የማያምንበት ምክንያት አይታየንም። እንግዲህ ከመካከላችን ሕክምና የምትማረው፣ ሕግ የምትማረው፣ በክረምት ወደ መድረሳ ተመልሳ ኪታብ የምትቀራው በአንድነት ቁጭ ይበሉ። እናቶችን ይጠይቁ፤ የእናቶችን ጥያቄ ይዘው ወደ ሸይኾቹ ይሂዱ፤ «አናውቅም» የሚሉትን ሸይኽ ከሁሉ አብልጠው ያክብሩ። ወንድሞቻችንም ቢያንስ አንድ ነገር ያድርጉልን፤ ስንጠይቅ አይሳቁ።

«ዝም አይነቅዝም» ያሉት ሰዎች ስለ እህል ያውቃሉ፤ ጎተራ ተዘግቶ፣ አየር ሳያገኝ፣ ፀሐይ ሳይነካው የከረመ እህል ምን እንደሚሆን አይጠፋቸውም። እምነትም በሃፍረት ጎተራ ተዘግቶ ሲከርም እንደዚያው ነው። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ሲከፍቱት ግን ዱቄት ነው። መጠየቅ ነውር ነውን ብለን ተነሥተናል፤ እኛ ያገኘነው መልስ ይህ ነው፤ ነውሩ ያለው እያወቁ በመዋሸት፣ ሳያውቁ በመመለስና የምትጠይቀውን ሴት ዝም በማሰኘት ላይ ነው።